የማስነሻ ቁልፍ ሲታመም

(በራዲዮ የተሰማ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁበት ነገር በመጠኑ ከቡና ስኒ የማይበልጥ፣ በየማለዳው በእጃችን የምናዞረው፣ ነገር ግን እስኪበላሽ ድረስ ከቶ የማናስበው ዕቃ ነው፤ ይኸውም የኦቶሞቢል ማስነሻ ቁልፍ የሚገባበት ቤትና ከዚያው ቤት በስተኋላ ተሸሽጎ የሚኖረው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እኔ በሙያዬ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም ይህ ትንሽ ዕቃ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ጊዜ ያለ አግባብ ገንዘብ አስወጥቶኝ፣ በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ነፍሴን ሊያስከፍለኝ ተቃርቦ ስለ ነበረ፣ ጠባዩን ሳልወድ በግድ ተምሬአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዕድሜዋ ከሃያ ዓመት ያለፈ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችኝ። አንድ ቀን ማለዳ ቁልፉን ባዞር ዝም አለች። ደግሜ ባዞርም ዝም አለች፤ በአራተኛው ጊዜ ግን ምንም እንዳልነካት ሁሉ ተነሣች። ወደ አንድ ጋራዥ ይዣት ብሄድ፣ «ባትሪው ሞቷል» ተባልሁና አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ሕመም ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ «ሞተሪኖው ነው» ተባለና ሞተሪኖው ተለወጠ። ባትሪውንም ሆነ ሞተሪኖውን ከመለወጡ በፊት የለካ ሰው አልነበረም፤ እኔም ይለካልኝ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ስለዚህ የጥፋቱን ግማሽ እኔ ወስጃለሁ።

ከዚህ በኋላ እናቴን ይዤ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ከደጀን ወደ ዐባይ ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዝን። ያን መንገድ የሚያውቅ ሰው ምን ዐይነት ስፍራ እንደ ሆነ ልነግረው አያሻኝም። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ስወርድ፣ አስፋልቱ ተጣጥፎ ከተጎረበጠበት ላይ መኪናዋ አንድ ጊዜ ነጠረች። ወዲያው ራዲዮው ዝም አለ፤ በዳሽቦርዱ ላይ የነበሩት መብራቶች ሁሉ ጠፉ፤ መርፌዎቹም ወደቁ፤ ሞተሩም ነዳጅ ብሰጠው የማይሰማ ሆነ። እናቴ ከኋላ «ልጄ፣ ምን ሆነች?» ብትለኝ መልስ አልነበረኝም። ቁልፉን በጣቴ ነቅነቅ ባደርገው ግን መብራቶቹ ተመለሱ፤ ሞተሩም ነፍስ ዘራ። መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ እንደ ደረስሁ ዳር ይዤ ቆምሁ።

ከኋላችን ይመጣ የነበረ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞልን ወረደና ከመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። በቁልፌ ቀለበት ላይ የቤቴ፣ የቢሮዬ፣ የመጋዘኑና የሁለት ጓጉንቸሮች ቁልፎች፣ ከነዚሁም ጋር አንድ የኪስ ቢላዋ ተንጠልጥለው ነበር። «ጋሼ፣ ይኸን ሁሉ ብረት የሚሸከመው ማን ይመስልዎታል?» አለኝ። ቁልፎቹን አወለቅን፤ የመኪናዋን ቁልፍ ብቻ አስቀርተን እስከ አዲስ አበባ ያለ ችግር ገባን። የዚያ ሰው አንዲት ጥያቄ ከባትሪውና ከሞተሪኖው ይልቅ ወደ በሽታው ቀረበች።

እንግዲህ የዕቃውን አሠራር እንመልከት። የማስነሻ ቁልፍ አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ፊተኛው ክፍል የቁልፉ ቤት ነው፤ በውስጡ ትናንሽ የብረት ጠፍጣፎች ተደርድረው የቁልፉን ጥርስ የሚያውቁበት፣ ቁልፉ ሲወጣም መሪውን የሚቆልፈውን ብረት የሚያዝዝ ነው። ኋለኛው ክፍል በውጭ አገር ቋንቋ ኢግኒሽን ስዊች የሚባለው፣ ከመዳብ የተሠሩ መገናኛዎች ያሉበት የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ከባትሪው ዘወትር ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ ወደዚህ ይገባል፤ ቁልፉ በዞረ ቁጥር ይህ ኤሌክትሪክ ለየክፍሉ ይታደላል። በመጀመሪያው እርከን ሁሉ ነገር ተዘግቷል፤ በሁለተኛው ራዲዮና የመሳሰለው ብቻ ይሠራል፤ በሦስተኛው ሞተሩ የሚሄድበት ኤሌክትሪክ ሁሉ ይከፈታል፤ በአራተኛው ሞተሪኖው ይታዘዛል፤ እጃችንን ስንለቅም ምላሽ ስፕሪንጉ ቁልፉን ወደ ሦስተኛው ይመልሰዋል። ቁልፉ በየእርከኑ «ቀጭ» እያለ እንዲቆም የሚያደርገው ደግሞ በስፕሪንግ የሚገፋ አንድ ትንሽ ብረት ነው። ይህን ብረት አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ቁልፍ ላይ የተሰበሰበው ቀስ በቀስ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀድሞ ሞተር የሚነሣው ከፊት በኩል በሚገባ የእጅ ማዞሪያ ብረት ነበር፤ ብረቱም ወደ ኋላ እየመታ የብዙ ሰው ክንድ ይሰብር ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለብዙ ዘመን ቁልፉ ኤሌክትሪክ ከመክፈት በቀር ሞተሪኖውን አያዝም ነበር፤ ለርሱ ሌላ መጫኛ በእግር ወይም በጣት ይነካ ነበር። ሁለቱን በአንድ ቁልፍ አዙሮ የማስነሣት ልማድ በ1949 ክራይስለር ካመጣው ወዲህ ተስፋፋ።

አሁን ወደ ቤትዎ ግቢ እንምጣ። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልግዎ ነገር ጥቂት ነው፤ አንድ ቴስተር፣ ቴስተር ከሌለም ሁለት ሽቦ የተበየደላት የ12 ቮልት አምፖል፣ ካቻቪቴ፣ መለዋወጫ ቁልፍዎና ትዕግሥት። መኪናውን በደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ ማርሹን ፎሌ ያድርጉ፤ ከጎማው ሥርም ድንጋይ ያስገቡ።

በመጀመሪያ የጣራውን መብራት ያብሩ። ይህ መብራት ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ከባትሪው ስለሚያገኝ የቁልፉን ፈቃድ አይጠይቅም። የፊቱን መብራት ያልመረጥሁበት ምክንያት በአንዳንድ መኪና ሞተሪኖው ሲዞር እርሱ በራሱ ስለሚጠፋ ነው። አሁን ዓይንዎ የጣራውን መብራት እያየ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዙሩ። መብራቱ ፈጽሞ ቢደክም ወይም ቢጠፋ ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም በባትሪው ራሶች ላይ የታሠሩት ሽቦዎች ላልተዋል ወይም ነጭ ዝገት በልቷቸዋል፤ ቁልፉን ለጊዜው አይክሰሱት። መብራቱ ሳይደክም አንድ ጊዜ ብቻ «ጣ» የሚል ድምፅ ከሞተር በኩል ቢሰማ፣ ትእዛዙ ከሞተሪኖው ደርሷልና አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በሞተሪኖው ወይም በማግኔቱ ነው። መብራቱ ደምቆ ሳለ አንዳች ድምፅ ባይሰማ ግን ትእዛዙ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ጥርጣሬውም ወደ ቁልፉ፣ ወደ ፊውዙ፣ ወደ ሪሌውና ማርሽ በቦታው ሳይሆን ወይም ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ሞተር እንዳይነሣ ወደሚከለክለው ማብሪያ ይዞራል። የእኔዋ መኪና ማለዳ ማለዳ የምታሳየው ምልክት ይኸው ሦስተኛው ነበር። አንድ ሰው የጣራዋን መብራት አይቶ ቢሆን ኖሮ የባትሪውና የሞተሪኖው ገንዘብ በኪሴ በቀረ ነበር።

መኪናዎ ራሱ ማርሽ የሚለውጥ ከሆነ ማርሹን ከማቆሚያው ወደ ፎሌ ለውጠው ይሞክሩ፤ በፎሌ ከተነሣ ቁልፉ ንጹሕ ነው። አዲስ መኪና ከሆነና በዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ሥዕል ያለበት መብራት ቢብለጨለጭ፣ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ሊሆን ይችላልና መለዋወጫውን ይሞክሩ፤ ያም ካልሆነ ነገሩ ከቤት ምርመራ ያለፈ ነው።

ቁልፉ አልዞርም ቢልስ? ብዙ ሰው በፒንሳ ይዞ ይታገላል፤ ቁልፉም ከውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ከሁሉ በፊት መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ያዙሩት፤ ጎማው ከድንጋይ ጋር ተጋፍቶ ከቆመ የመሪው መቆለፊያ ብረት ጫና ስላለበት ነው። ይህም ካልረዳ መለዋወጫ ቁልፉን ይሞክሩ። መለዋወጫው በቀላሉ ከዞረ የታመመው ቤቱ ሳይሆን የዘወትር ቁልፍዎ ነው፤ ጥርሱ አልቋል። በዚህ ጊዜ አዲስ ቁልፍ የሚያስቀርጹ ከሆነ ካለቀው ላይ አያስቀርጹ፤ ቀራጩ የቁልፉን ድካም ጭምር ገልብጦ ይሰጥዎታልና። ወደ ቁልፉ ቤትም የምግብ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት አያፍስሱ፤ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል። የእርሳስ እምብርት የሚሠራበት ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ይሻላል።

እስካሁን ስለማይነሣ መኪና ተናገርሁ። ከዚህ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ተነሥቶ የሚጠፋው ነው። ሞተሩ ቁልፉ እንደ ተጠመዘዘ ተነሥቶ እጅዎን በለቀቁበት ቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ፣ በአራተኛው እርከን ያለው መገናኛ ደኅና ሆኖ በሦስተኛው ያለው ተቃጥሏል ብሎ መጠርጠር ይገባል። በኮይልና በካንዴላ በሚሠሩ በጣም አሮጌ መኪናዎች ግን በኮይሉ መንገድ ላይ ያለው ማዳከሚያ ሲቃጠል ያንኑ ምልክት ስለሚያሳይ እርሱንም ማየት ነው። በተቃራኒው እጅዎን ሲለቁ ሞተሪኖው መዞሩን ካላቆመ ምላሽ ስፕሪንጉ ደክሟል፣ አለዚያም የሞተሪኖው ማግኔት ተጣብቋል፤ ቁልፉን በእጅ ወደ ኋላ ይመልሱ፤ ካልቆመም ሳይዘገዩ የባትሪውን ኔጋቲቭ ያላቅቁ።

መኪናው ሲሄድ የሚጠፋ ከሆነ ዳሽቦርዱን ማየት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የዘይቱና የባትሪው ቀይ መብራቶች ከበሩ ቁልፉ ኤሌክትሪክ እየሰጠ ነውና ምክንያቱን በነዳጅ ወይም በሌላ ስፍራ ይፈልጉ። ዳሽቦርዱ በሙሉ ከጨለመ ግን ኤሌክትሪኩ ከምንጩ ተቋርጧል፤ ወይ ማብሪያ ማጥፊያው ነው፣ ወይ ወደርሱ የሚመጣው ዋና ሽቦ ነው፣ ወይ የባትሪው ማሠሪያ ነው። ይህን በግቢዎ ለማረጋገጥ ሞተሩን አስነሥተው ቁልፉን ሳያዞሩ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ ነቅነቅ ያድርጉ። መብራት ቢንቀጠቀጥ፣ ራዲዮው ቢቆራረጥ፣ ሞተሩ ቢያነጥስ በሽታው ተገኘ።

በቴስተር ደግሞ ነገሩ ወደ ቁጥር ይመጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ደኅና ባትሪ 12 ነጥብ 6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ አስቀድሞ ባትሪውን መሙላት ነው። ከዚያ ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን ከፍተው ወደ ማብሪያ ማጥፊያው የሚገባውን ሽቦና የሚወጡትን ሽቦዎች፣ ቁልፉ በሦስተኛው እርከን ሳለ፣ እየተራራቁ ይለኩ። በገባውና በወጣው መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቮልት አንድ ወይም ሁለት ዐሥረኛ መብለጥ የለበትም፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከጠፋ መገናኛው ተበላሽቷል። በእኔዋ መኪና የገባው 12 ነጥብ 4፣ የወጣው 10 ነጥብ 9 ነበር። አፍንጫም መሣሪያ ነው፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወይም ቡናማ ሆኖ የቀለጠ መሰኪያ ብዙ ጊዜ ከቴስተሩ ቀድሞ ይናገራል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መሪው ውስጥ የአየር ከረጢት ያለበት መኪና ከሆነ ከመክፈትዎ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ አላቅቀው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቢጫ ሽፋን ያላቸውን ሽቦዎችና መሰኪያዎች በአምፖልም በቴስተርም አይንኩ። መለካት ያለብዎትን ቦታ ከነዚህ ለይተው ማወቅ ካልቻሉ ሽፋኑን መልሰው ይግጠሙና ለባለሙያ ይተዉት።

«ለአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በአሜሪካ አገር የሆነውን ልንገረው። በየካቲት 2014 ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ሼቭሮሌ ኮባልትና ሳተርን አዮን ከሚባሉት ጀምሮ መኪናዎቹን ለጥገና መጥራት ጀመረ፤ ጥሪውም እስከ መጋቢት መጨረሻ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን አዳረሰ። ጥፋቱ ቅድም አስታውሱልኝ ባልኋት በስፕሪንግ በምትገፋ ትንሽ ብረት ላይ ነበር። ስፕሪንጓ ደካማ ስለ ነበረች መኪናው ጉድጓድ ሲመታ፣ የሹፌሩ ጉልበት ሲነካው ወይም ከቁልፉ ላይ ክብደት ሲንጠለጠል ቁልፉ ከሦስተኛው እርከን ወደ ሁለተኛው ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጠፋል፤ መሪውና ፍሬኑ አጋዣቸውን ያጣሉ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የአየር ከረጢቱ ኤሌክትሪክ ስለሚቋረጥ መኪናው ሲጋጭ ሳይከፈት ይቀራል።

የኩባንያው ሰዎች የቁልፉን ድካም ከብዙ ዓመት በፊት ሰምተው ነበር። ዕቃው በኋላ በጠነከረ ቢለወጥም ቁጥሩ ግን አልተለወጠም፤ ስለዚህ መርማሪዎች የቀድሞዎቹ መኪናዎች የሚጠፉበትንና የኋለኞቹ የማይጠፉበትን ምክንያት ለማወቅ ተቸገሩ። ምሥጢሩን የገለጠው በአንዲት ሟች ወላጆች ጠበቃ የተቀጠረ የፍሎሪዳ መሐንዲስ ነው፤ ከተጋጨው መኪና የወጣውን ማብሪያ ማጥፊያ ከገበያ ከገዛው፣ ያንኑ ቁጥር ከያዘ አዲስ ዕቃ ጋር ፈትቶ ጎን ለጎን ለካ፤ ትንሿ ብረትና ስፕሪንጓም አንድ ዐይነት አለመሆናቸውን አገኘ። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ የ124 ሰዎችን ሞት ከዚህ ጉድለት ጋር አያይዞ ካሳ ከፈለ። ኩባንያው በ2014 ጉድለቱን በጊዜው ስላላስታወቀ 35 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ በ2015 ደግሞ የወንጀሉን ክስ በስምምነት ለማቆም 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። መኪናዎቹ እስኪጠገኑ ድረስ ለባለቤቶቹ የተሰጠው ምክር ያ የዐባይ በረሃ ሹፌር ለእኔ የሰጠኝ ምክር ነበር፤ ከቁልፉ ላይ ሌላውን ሁሉ አውልቁ።

በመንገድ ላይ ይህ ቢደርስብዎ ቁልፉን ወደ መጀመሪያው እርከን መልሰው አያጥፉት፤ ከቶም አይንቀሉት፤ መሪው ይቆለፋልና። የፍሬኑ አጋዥ ቋጥሮ የያዘው ኃይል ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚበቃ ደጋግመው አይርገጡ፤ አንድ ጊዜ ረግጠው አጥብቀው ይያዙ፤ ከበድ ቢልዎም ይይዛል። መሪውም ይከብዳል እንጂ ይታዘዛል። ማርሹን በእጅ የሚለውጡ ከሆነና ቁልቁለት ላይ ካሉ ፍሪሲዮን አይርገጡ፤ ማርሹንም አያውጡ፤ ጎማዎቹ ሞተሩን እያዞሩ መኪናውን ይገታሉ፤ ኤሌክትሪኩ ሲመለስም ሞተሩ በራሱ ይነሣል። እኔን ያዳነኝ ይኸው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማወቄ ሳይሆን መደንገጤ ነው እግሬን ከፍሪሲዮኑ ያራቀው። ራሱ ማርሽ በሚለውጥ መኪና ግን ወደ ፎሌ አውጥቶ ቁልፉን እንደገና ማዞር ይቻላል።

አንዳንድ ሰው ቁልፉ ሲያስቸግረው ከዳሽቦርዱ ሥር በሽቦ የተሠራ መጫኛ አስገጥሞ ይገላገላል። ይህ መገላገል አይደለም። ፊውዝ የሌለው ሽቦ ከብረት ጋር ሲፋተግ መኪናውን ያቃጥላል፤ ሌባም ከባለቤቱ እኩል ያስነሣዋል፤ የመሪው መቆለፊያም እንደ ነበረ ስለሚቆይ በተሳሳተ ጊዜ ሊገባ ይችላል። መንግሥታችን በ2016 ዓመተ ምሕረት በነዳጅ የሚሄዱ የግል ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ያሉት አሮጌዎች ብዙ ዘመን ሊያገለግሉን ነውና፣ እንዲህ ያለውን የሽቦ ሥራ ከአሁኑ እንቢ ማለት ይሻላል።

ለመለወጥ የወሰነ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር፣ በብዙ መኪና ኋለኛው የኤሌክትሪክ ክፍል ብቻውን የሚሸጥ መሆኑን ነው። ይህ ከሆነ የቁልፉ ቤት አይነካም፤ የበሩንም የማስነሻውንም ቁልፍ አንድ አድርገው ይቀጥላሉ። ሻጩ «ሁሉንም ካልወሰዱ» ቢልዎት ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የመሰኪያውን እግሮች ቁጥርና አቀማመጥ አስተያይተው ይግዙ። አዲሱን ገጥመው ሽፋኑን ከመመለስዎ በፊት በአራቱም እርከን ይሞክሩት፤ መሪው ሲቆለፍና ሲፈታም ይመልከቱ።

የእኔን አሮጌ ዕቃ ፈትቼ አየሁት። ከመዳቦቹ አንዱ ጠቁሮ ተቦርቡሯል፤ የተቀመጠበትም ፕላስቲክ ቀልጦ ስለ ነበረ፣ ቁልፉ በክብደት ወደ ታች ሲጎተት መዳቡ ከጓደኛው ይለያይ ኖሯል። አዲሱን ለመግጠም ሁለት ብሎንና ግማሽ ሰዓት በቃ። የቤቱና የቢሮው ቁልፎች አሁን በሌላ ቀለበት በኪሴ ናቸው፤ እናቴም ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ከቁልፉ ላይ የተንጠለጠለ ነገር እንዳለ ነው።